ገመዱ ያንተ፣ ጫፉ የእኔ

ያለሁበትን ከተማ ስም አልናገርም። መደበቄ አይደለም፤ እኛ ራሳችን «እዚህ» ነው የምንለው፤ ስሙን የሚጠራ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። ሥራዬ ደውል መምታት ነው። ገበያ ሲቆም እመታለሁ፣ ሲበተን እመታለሁ። ሰው ሲሞት ግን ወዲያው አልመታም፤ እዚህ ሰው በአንድ ጊዜ አይሞትምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንፋሽ ሲቆም የሚመጣው ሞት የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነው። ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ንፍሮ ተበልቶ ይበተናል፤ ሹሞች ምን አግብቷቸው። ደንቡ የሚያውቀው ሞት ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው የሟቹ ውርስ ተጣርቶ ሲያልቅ፣ አጣሪው ገበያው መሃል ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «የቀረ አለ?» ብሎ ሲጠይቅና ከሕዝቡ የሚመልስ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ደውሌን እመታለሁ፤ ሰውየውም ሞተ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ሟቹ ቤቱን እንደያዘ፣ ከጎረቤቱም እንደተኳረፈ ይቆጠራል። አፈር ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ መወጣት ስለሚያስቸግረው ግን ስሙን የሚለብስለት ሰው ይሾምለታል። ውርስ አጣሪ የምንለው እሱን ነው።

ስም መልበስ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አጣሪው በሟቹ ስም ይጠራል፣ በሟቹ በርጩማ ይቀመጣል። ሰው ደጅ ቆሞ የሟቹን ስም ጠርቶ «አሉ?» ሲል፣ አጣሪው ከውስጥ «አለሁ» ማለት አለበት። ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት ያልተቸገረ አጣሪ እስካሁን አላየሁም።

ደንቡ ሟችን የሚታገሠው ታዲያ እስከ ክረምት መግቢያ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የተለበሰው ስም ይታጠባል፤ ያን ጊዜ ውርሱ ካላለቀ ቤቱ ባለቤት አልባ ይሆናል። ባለቤት የሌለው ቤት ደግሞ ዝናብ እንዲመታው አይፈቀድም። የጥንት ሰዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ዝናብ የሚያማርረው ሰው ያስፈልገዋል ይላሉ፤ የሚያማርር በሌለበት ጣሪያ ላይ መዝነብ ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው። ስለዚህ ቤቱ ይፈርሳል። ለዚህ የተመደቡ ጣሪያ አንሺዎች አሉን፤ ሰው አክባሪዎች ናቸው፤ መሰላላቸውን ተሸክመው ሲመጡ መጀመሪያ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ፣ ከዚያ ወጋግራውን በስንዝር ይለካሉ።

አያ ቢያድግልኝ የሞቱት በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ገመድ ገማጅ ነበሩ። ቃጫ እየፋቁ፣ እያደረቁ፣ እየፈተሉ፣ ረጅሙ ጓሯቸው ውስጥ ይገምዱ ነበር። የአገራችን ገማጅ ሲሠራ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንደኛው ሰው ጓሮው ጫፍ ላይ ቆሞ መዘውሩን ያዞራል፤ ገማጁ ደግሞ ቃጫውን እየለቀቀ፣ ፊቱን ወደዚያ ሰው እንዳደረገ፣ በጀርባው ይርቃል። መዘውሩን የምታዞርላቸው የሟች እህታቸው ልጅ ማንጠግቦሽ ነበረች። እዚያ ቤት የገባችው ገና ጥርሷን ሳትነቅል ነው፤ ሌላ ቤት አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ አጎቷን ያየቻቸው እንዲህ ነው፤ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ እየራቁ፣ እንደገና እየቀረቡ።

ቃል አይበዛባቸውም። ገመድ የገዛ ሰው ሁሉ ከእሳቸው የሚሰማው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። የገመዱን አንድ ጫፍ በራሳቸው አስተሳሰር ይቋጥሩና «ገመዱ ያንተ፣ ጫፉ የእኔ» ይላሉ። ቋጠሮው ከላላ ወይም ቃጫው ከተበተነ መልሰው የሚገምዱት እሳቸው ናቸው ማለት ነው፤ ዋጋም አይጠይቁም። እኛ አባባል ነው ብለን ተውነው። አባባል ሲበዛብን የምንሰማው በግማሽ ጆሮ ነው።

ቀብሩ ላይ ሣጥኑን ወደ ጉድጓድ ያወረድነው በራሳቸው እጅ በተገመደ ገመድ ነው። ከሩቅ የመጣው የማንጠግቦሽ ታላቅ ወንድም ጎሹ በራስጌ በኩል ቋጠሮ ያለበትን ጫፍ ይዞ ነበር። ጎሹ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ሣጥኑ መሬት ሳይነካ ልቡ ቤቱን ለማየት ቀድሞት ሄደና ጫፉን ለቀቀው። ጫፉ ወርዶ ሣጥኑ ሥር ገባ። ገመዱን ከወዲህ ብንስበው፣ ከወዲያ ብንስበው እምቢ አለ። የቆፋሪዎቹ አውራ ሽባባው ላቡን ጠርጎ፣ «ይኼ ሰው በሕይወቱም የያዘውን አይለቅም ነበር» አለና ጥቂት አሳቀን። ፀሐዩም በርትቶ ነበር፤ አፈሩን መለስንበት። የተረፈውን ገመድ መቃብሩ ላይ ጠቅልለን፣ ድንጋይ ጭነንበት፣ ወደ ንፍሯችን ሄድን።

በማግስቱ የፍጻሜ ሹሙ መጣ። የፍጻሜ ሹም የሚመረጠው በዕድሜው ምንም ነገር ጨርሶ ከማያውቅ ሰው ነው፤ መጨረስን የሚያከብረው ጨርሶ የማያውቅ ብቻ ነው ይባላል። የኛው ሹም ግማሽ ካብ የተካበለት ግቢ፣ አንድ እጅጌ ብቻ የተሰፋለት ካባ ነበረው። ስብሰባ ሲከፍት ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ያነባል። የተቀረጸው «ሟች ባዶ እጁን ሄዷል» የሚል ነው። የውርስ ደንባችን በሙሉ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው። ሰው ባዶ እጁን ስለሚሄድ የተወው ንብረት ጌታ ያጣል፤ ጌታ ያጣ ንብረት ደግሞ ሌላ ጌታ ይፈለግለታል።

«ወራሾቹ ጎሹና ማንጠግቦሽ ናቸው» አለ ሹሙ። «አጣሪ የሚሆነው ሟቹን ይበልጥ ያየ ነው። ማነው ይበልጥ ያያቸው?»

ሁላችንም ወደ ማንጠግቦሽ ዞርን። ጎሹ ትከሻውን ሰበቀ። «አንድ ቤትና አንድ ክምር ቃጫ ነው። እስከ ቅዳሜ ያልቃል። ትሁና» አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንጠግቦሽ፣ ሹሩባዋን የተሠራች፣ ነጠላዋን ያጣፋች ወጣት ሴት፣ አያ ቢያድግልኝ ሆነች። ውኃ ለመቅዳት ስትወጣ ሽማግሌዎች ቆባቸውን እያነሱ «እንደምን አደሩ አያ ቢያድግልኝ» አሏት። እርጉዞች መንገድ ለቀቁላት። መጀመሪያ ላይ የምትገባበት ጠፋት። የመጀመሪያው እንግዳ ደጇ ቆሞ «አያ ቢያድግልኝ አሉ?» ሲል የአጎቷን በርጩማ አየችና፣ «የሉም» ብላ አለቀሰች። ሹሙ ይህን ሲሰማ አስጠርቶ ገሠጻት።

«አያ ቢያድግልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእርስዎ አይጠበቅም» አላት። «የሉም ማለትዎ ራስዎን መካድ ነው።»

«ጌታው፣ አፌ እምቢ አለኝ እኮ።»

«ጎንበስ ብለው ይበሉት። ጎንበስ ሲሉ ይወጣል።»

ጎንበስ ብላም አልወጣላትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራ ዝም ብላ በሩን ትከፍት ነበር።

ያን እንግዳ ላስተዋውቃችሁ። ጎረቤታቸው ዳኘው ነበር። ከአያ ቢያድግልኝ ጋር ሲኳረፍ ፀጉሩ ጥቁር ነበር፤ ሲሞቱ ሽበት ሆኗል። በእነሱ ደጅ ላለማለፍ ሲል ጠዋት ጠዋት ገበያ የሚሄደው ወንዙን ዞሮ ነው። ማንጠግቦሽ ዕንባዋን ጠርጋ ስታስገባው ቆሞ፣ በዘንጉ መሬቱን እየጫረ ተናገረ።

«አያ ቢያድግልኝ፣ እኔ ንብረቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁ። ኩርፊያችን ምን ሊሆን ነው?»

«በምን ነበር የተኳረፍነው?» አለችው፤ ደንቡ እንደሚለው በአጎቷ አፍ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የምታውቀው አንተ አይደለህ እንዴ!»

ማንጠግቦሽ አሰበች። በደንባችን ጠብም ውርስ ነው፤ ወይ ይወረሳል ወይ ይዘጋል። ጎሹ ቢወርሰው አገሩ ሩቅ ነው፤ በሚገባ ሊያኮርፍ አይችልም። እሷ ትውረሰው? በየጠዋቱ ሰውየው በዚያ ጉልበቱ ወንዙን ሲዞር ታየዋለች። «በል ታርቄሃለሁ፣ ዳኘው» አለችው።

ሰውየው ደስ የሚለው መስሏት ነበር። ዘንጉን ተደግፎ፣ «እንግዲህ ነገ በየት በኩል ልሄድ ነው?» ብሎ አነባ። ማንጠግቦሽ በርጩማውን አቀረበችለት። ያን ዕለት፣ ሰው ለሰው ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ገና ጥቂቱን ነው ያየችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤቱ ታይቷል፣ ቃጫው ተመዝኗል፣ ኩርፊያው ተዘግቷል። ጎሹ ቤቱ ተሸጦ ድርሻውን ይዞ ሊሄድ በቅሎውን ጭኖ ጨርሷል። ማንጠግቦሽ ግን ከድርሻዋ ይልቅ ቤቱ እንዳይፈርስ ነበር ሐሳቧ፤ ከተሸጠም ገዥው ጓሮውን ያከራየኝ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ድንጋዩ ላይ ወጥታ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «የቀረ አለ?» ብላ ጠየቀች። ጸጥታ ሆነ። እኔ የደውሉን ገመድ ጨብጫለሁ።

«አለ» አለ ሹሙ።

ሁላችንም ደነገጥን። ሹሙ በቅሎውን እየጎተተ ወደፊት መጣና የልባቡን ገመድ አሳየን፤ ጫፉ ላይ ያ የታወቀ ቋጠሮ አለ። «ይህን ስገዛ ሟቹ፣ ገመዱ ያንተ፣ ጫፉ የእኔ ብለውኛል። በምስክር ፊት ነው። እንግዲያው ጫፉ የሟቹ ንብረት ነው። ያልተሰበሰበ ንብረት እያለ ውርስ አይዘጋም። ሌላስ እንዲህ የተባለ አለ?»

እኔ ጨብጬው የነበረውን አየሁ። የደውሉ ገመድ ጫፍም የእሳቸው ነው። ቀና ስል ሴቶቹ ያዘሉበትን ጠፍር፣ ወንዶቹ የጭነታቸውን ማሰሪያ ሲያገላብጡ አየኋቸው። ከተማው ውስጥ የሚታሰር፣ የሚንጠለጠል፣ የሚጎተት ነገር ሁሉ ጫፉ የአንድ ሰው ነበር። ማንም እጁን አላወጣም፤ መውጣት የነበረበት የሁሉም እጅ ነበርና።

ጎሹ ቆንጨራውን ከጭነቱ መዘዘ። «ታዲያ ይቆረጡ! ጫፍ አይደለም እንዴ የሚፈለገው!» ብሎ ቀጥታ ወደ ጉድጓድ ውኃው ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። የባልዲውን ገመድ ቋጠሮ ቆረጠና ኪሱ ከተተ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ገመዱ ከጫፉ መፈታት ጀመረ፤ በዓይናችን እያየን ሲፈታታ ወርዶ ባልዲው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ድምፁ ከታች ሲመጣ አንዲት እናት የልጇን አንቀልባ ጠፍር በሁለት እጇ ያዘች። ገመዱን ይዞት የኖረው ያቺ ትንሽ ቋጠሮ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅን።

ጎሹ ሊቀጥል ሲል ማንጠግቦሽ ፊቱ ቆመች። «ተው! እጅህን ሰብስብ!» አለችው፤ ይህን ስትል ድምፅዋ የአጎቷን መሰለ ያሉ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረች። «ጌታው፣ ደንቡ ይቆረጥ ይላል ወይ?»

ሹሙ አሰበ። «የሟቹ ንብረት በሙሉ በሟቹ ቤት ይገኝ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ይገኝ። ሳይቆረጥ ይግባ።»

እንዴት እንደሚሆን ማናችንም አልገባንም፤ ጣሪያ አንሺዎቹ ግን የሟቹ ቤት አጥር ሥር ተቀምጠው ደመናውን እያዩ ቆሎ ይቆረጥሙ ስለነበር ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። ሰው ሁሉ ገመዱ እንደታሰረ፣ ጫፉን ብቻ ወደ አያ ቢያድግልኝ ቤት ይዞ መጣ። ያልደረሰለት ከጎረቤቱ ገመድ ጋር ቀጠለ። ያ ካልበቃ የታሰረውን ነገር አቀረበ፤ ላሞች ቀረቡ፣ ጀልባይቱ ከወንዝ ወጥታ በሰው ትከሻ ቀረበች፣ አንዱ የጠፍር አልጋውን ከነታማሚ አያቱ አምጥቶ አጥሩ ሥር አኖረ። አያቲቱ ቦታው ተስማምቷቸው፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አሉ። ደውሉ ግን አይነሣም። ለእሱ ማንጠግቦሽ የተረፈውን ቃጫ አወጣች። እሷ ወደ ኋላ እየሄደች ገመደች፤ መዘውሩን ያዞረላት ዳኘው ነበር። እዚያ ቤት ደጃፍ ላለመድረስ ወንዝ ሲዞር የኖረ ሰው፣ ጓሮው ውስጥ ቆሞ መዘውር እያዞረ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ ገመዱን ከቤቱ እስከ ደውሉ አደረሰው።

ጫፎቹ በበር ገቡ፣ በመስኮት ገቡ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ገቡ። ሁሉም ከገባ በኋላ ማንጠግቦሽ በአጎቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ያን ሁሉ ጫፍ ጭኗ ላይ ሰበሰበች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። አንዱን ጫፍ ትንሽ ሳበችው፤ ከተማው ማዶ ደውሌ ጮኸ። እኔ እዚህ ቆሜ! ሌላውን ነካች፤ ጥጃ እምቧ አለ። አንዱ በራሱ ቀስ እያለ ይረግብና ይወጠር ነበር፤ ተከትለን ብናየው ወዲያ ማዶ ቤት ውስጥ የሕፃን ማንጠልጠያ አልጋ ሲወዛወዝ ነው። ከውጪ ያለው ሰው ሁሉ፣ ገመዱን በወገቡ የታጠቀውም፣ በራሱ የተሸከመውም፣ እጇ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትንሽ ሳብ የተደረገ መሰለው። ሳቁ ቀረ። እኔ በበኩሌ ደነቀኝ። ስንት ዘመን ስንተላለፍ፣ ስንተማማ፣ በየፊናችን የምንሄድ ሲመስለን፣ ሁላችንም አንድ ዝምተኛ ሰው ጭን ላይ ነበርን።

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። ፊቷ ረጥቧል። «ይህን ሁሉ ይዘው ነው እንዴ ዝም ያሉት?» አለች፤ ማንንም አልጠየቀችም።

ሹሙ ካባውን ሰብስቦ ገባና ጫፎቹን አየ። ሰው ጫፎቹን እንዳይረግጥ ተብሎ ስብሰባው እዚያው ደጁ ላይ ይሁን ተባለ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውንም በቃሉ አለልን፤ «ሟች ባዶ እጁን ሄዷል።» ማንጠግቦሽ ደፍ ላይ ቆመች። ሰማዩ ጠቁሯል። ጣሪያ አንሺዎቹ ቆሏቸውን አስቀምጠው ተነሥተዋል፤ አንደኛው መሰላሉን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ አጥሩ ሥር የተኙትን አያቲቱን «ይቅርታ እናቴ» ሲል ሰማሁት።

«የቀረ አለ?» አለች ማንጠግቦሽ።

ሽባባው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባልናገር ደስ ባለኝ» አለ ሽባባው። «አንድ ቀርቷል። የቀብሩ ገመድ። ጫፉ ሣጥኑ ሥር ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ጎሹ ዞረ። ጎሹ መሬት መሬቱን አየ፤ ከዚያ ቆንጨራውን ትቶ ዶማ አነሣ። «ቆፍሬ አወጣዋለሁ። እኔ ነኝ የለቀቅሁት፤ እኔው አወጣዋለሁ» አለ።

«አይሆንም» አለ ሹሙ በኀዘን። «መሬት የተቀበለችውን አትጠየቅም። ውርሱ ሊዘጋ አይችልም።» በዚህ መሃል የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ። ሹሙ ለጣሪያ አንሺዎቹ ራሱን ነቀነቀላቸው፤ አንደኛው ሁለት ደረጃ ወጣ።

ማንጠግቦሽ መሰላሉን አየች፣ ጓሮውን አየች፣ መዘውሩን አየች። እዚያ መዘውር ሥር ቆማ፣ አጎቷ እየራቁ ሲሄዱ፣ ገመዱን የያዘች እጃቸው መጨረሻ ላይ የምትታያት ትንሽ ነገር እስክትሆን ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ያየችበት ጊዜ ሁሉ መጣባት። ስንት ጊዜ ራቁ? አንድ ጊዜ እንኳ ጫፉን ለቀው ያውቃሉ?

«ጌታው፣ ጫፉ በማን እጅ ነው?» አለች።

«እንዴት በማን እጅ?»

«የመጨረሻው ጫፍ። ማን ዘንድ ነው ያለው?»

«ከሟቹ ጋር ነዋ።»

«ስንስበው እምቢ አለ፤ ሽባባው ምስክር ነው። ሳይለቁት ነው። የያዙት ደግሞ የራሳቸውን ነው፤ ጫፉ የእኔ ብለዋል።» ወደ መቃብሩ በኩል ጠቆመች። «እንግዲያው የእኔ አጎት ባዶ እጃቸውን አልሄዱም።»

ሹሙ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድንጋዩ ላይ ያለውን ቃል ለራሱ ሲደግም ነው። አንዴ ደገመው፤ እንደገና ደገመው። ባዶ እጁን ያልሄደ ሰው ንብረቱ ጌታ አላጣም። ጌታ ያላጣ ቤት ባለቤት አለው። ባለቤት ያለው ቤት ደግሞ ይዘንብበታል። የሹሙ ፊት ቀስ በቀስ ሲበራ አየሁ፤ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ካባው ተንቀጠቀጠ።

«ይህ ውርስ» አለ፤ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፤ «ይህ ውርስ አያልቅም። እግዜር ስምዎን ይባርክ! የማያልቅ ነገር አገኘሁ!» መሰላሉ ላይ ላለው ሰው እጁን አወዛወዘ። «ውረድ! ቤቱ ሰው አለበት!»

ዝናቡም ጣለ። ትልልቅ ጠብታ ጣሪያው ላይ ወረደ፤ ማንም አልሸሸም። ጣሪያ አንሺዎቹ መሰላላቸውን አወረዱ፤ ስላስቸገርን ይቅርታ አሉ። ታላቅየው ግን ጥቂት ሲያመነታ ቆይቶ የመሰላሉን ማሰሪያ አሳየና፣ «ይኼ ላልቷል፤ ጫፉ የርስዎ ነው መሰለኝ፣ ጊዜ ሲኖርዎ ቢያዩልኝ» አለ። ማንጠግቦሽ ቋጠሮውን አገላብጣ አየችው። «ተወው፣ ነገ ና» አለችው።

ጎሹ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ድርሻ የለውም፤ የማያልቅ ውርስ አይከፈልም። ይጣላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወደ መቃብሩ ሄደና የተጠቀለለውን ገመድ ፈታ፤ በጭቃው ውስጥ እየቀጠለ፣ እየጎተተ፣ እስከ ጓሮው አመጣው። ለእህቱ ሰጣት። «እንዳትለቂው፤ እኔ የማልረባ ነኝ» አላት። እሷም መዘውሩ ላይ አሰረችው። ከመቃብሩ እስከ ጓሮው ያለው ገመድ ተወጠረ፤ እንደ ድሮው አንዱ እዚያ ጫፍ፣ አንዷ እዚህ። ያየነው ሁሉ ቆባችንን አወለቅን። ለማን እንዳወለቅን አልተነጋገርንበትም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ጫፎች ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ ንብረቱ ባለቤት ካለው በባለቤቱ ፈቃድ የትም ይቀመጣል ተባለ። አያ ቢያድግልኝ ደንቡ እንደሚያውቀው እስካሁን አልሞቱም፤ ስማቸውም ከማንጠግቦሽ ላይ አልታጠበም፤ እኔም ደውል አልመታሁላቸውም። ዳኘው በየጠዋቱ በእነሱ ደጅ ያልፋል፤ መንገዱ ስላጠረበት ገበያ ከሁሉ ቀድሞ እየደረሰ ሰው ሲጠብቅ ይውላል። ጎሹም በዓመቱ ተመልሶ መጥቷል፤ የበቅሎው ገመድ ተበትኖበት ነው።

ዘንድሮ በበጋው የደውሌ ገመድ ሳሳ። ጫፉን ይዤ ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ መዘውሩ ሲያንቋርር ይሰማኛል። ደጁ ላይ ቆምኩ፤ እንደ ደንቡ በስማቸው ጠራሁ።

«አያ ቢያድግልኝ! አሉ?»

መዘውሩ ቆመ። ከዚያ ከጓሮው ውስጥ፣ ጎንበስ ሳትል፣ ሞቅ ባለ የሴት ድምፅ መለሰችልኝ።

«አለሁ!»